አምቡላንሱ ሬሳ አይጭንም

እኔን ብሎ የመኪና ሕግ አውጪ! ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ገና ሞተሩ ሲነሳ ነጠላዬን አፌ ላይ የምይዝ ሴት! ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስጠብቅ ኖሬ ሳላስመልስ የወረድኩበት መኪና የለም። ሾፌሮቹ "እቴ ጠጄ፣ ይምጡ ገበያ ላድርስዎ" ይሉና አብረው ፌስታል ያቀብሉኛል። ሳቃቸው አያድርስ። "ሂድ ወዲያ! የሚያቅለሸልሽ ያንተ አነዳድ ነው፤ በቅሎ ላይ ስቀመጥማ ጤነኛ ነኝ" እላለሁ። እንግዲህ ይቺው ሴት ናት ኮሚቴ ገብታ ስለ መኪና አንቀጽ ያስጻፈችው። ብትስቁብኝ አልቀየምም። ሳቁ ግን እስከ አንድ ቦታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አያስቅም።

ባለፈው ክረምት "ጡረታዎ ደርሷል" አሉኝና ዱላዬንና ካፖርቴን አስረከብኩ። ጡረታዋ ለጨውና ለሳሙና ትሆናለች፤ ስለ እሷ አላወራም። የልጄ ልጅ "የሥራ ዘመንሽን ተናገሪ፣ እጽፈዋለሁ" ስላለች እናገራለሁ። ወረዳችንን ግን በስም አልጠራም። ጋይንት ትሁን፣ ስማዳ ትሁን፣ እስቴ ትሁን እናንተው ገምቱ። ሰዎቹ አሉ እኮ፤ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን።

ሥራውን የወረስኩት ከባሌ ነው። የመንግሥት መኪና ግቢ ዘበኛ ነበር። እሱ ሲሞት "ልጆች አሏት፣ በሩን እሷው ትያዘው" አሉ፤ ያዝኩት። ግቢው ማለት ዙሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ አንድ ሁለት ፒካፕ፣ ጥቂት ሞተር ሳይክል፣ ጎማው ወልቆ በድንጋይ የቆመ የጭነት መኪና ነው። ኋላ ነጩ አምቡላንስ መጣ። ከጭነት መኪናው ውስጥ ዶሮዎቼ ይጥሉ ነበር። ከመንግሥት መኪና ፍሬ ያገኘሁ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

ስንት ኃላፊ አሳለፍኩ! አንዱ ፒካፑን ለአማቱ ገብስ ማመላለሻ አደረገው። እኔም በር ስከፍት "ገብሱ እንዴት አደረ?" እለው ነበር፤ እሱ ደግሞ "ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይለኛል፣ ምንም አያፍር። ሌላው ነዳጅ ያልቃል ብሎ መኪናውን ሁሉ ቆልፎ ኖረና፣ ሊሄድ ባሰበ ቀን ባትሪው ሞቶ ተገኘ። መኪና የሚሰጠው ለጮኸ ሰው ነበር። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለፋሲካ በግ ሳይቀር ይወጣል።

መኪናን ያስተማረኝ የአምቡላንሱ ሾፌር አያ ሞላ ነው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ከሰው ይልቅ ከመኪና ጋር የሚጫወት። ጠዋት ሲገባ እኔን ሰላም ሳይል ጎንበስ ብሎ ከመኪናዋ ሥር ያያል። "ጠጄ፣ ይህ የታመመ ሰው ሽንት ነው፤ ቀለሙን እዪ" ይለኛል። ከመሐል ጠብ ጠብ ያለው ጥቁር ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ይሞላና ይሄዳል። ከጎማው አጠገብ የሚያሙለጨልጭ ነገር ካለ ግን ፍሬን ነውና በሩን እንዳትከፍቺ። መኪና ከመንገድ ሲመለስ ደግሞ በእጁ ጀርባ ጎማው መሐል ያለውን ብረት ይዳስሳል። "በመዳፍሽ አትንኪ፤ መዳፍሽ ምጣድ የለመደ ነው፣ ሙቀት አይነግርሽም።" አንዱ ከሌሎቹ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት የሚወርድ ሾፌር ካየማ ይሰድበዋል፤ ስድቡን እዚህ አላስጽፍም።

እኔም ተማርኩና አንድ ቀን ኃላፊው ለስብሰባ ሲቸኩል ከጎማው ሥር እርጥብ አየሁ። በሩን ቆለፍኩ፣ "ፍሬን ነው!" አልኩ። ጮኸ፣ ተንጨረጨረ፣ ስብሰባው አመለጠው። አያ ሞላ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። የዶሮዎቼ ውኃ ነበር፤ ጣሳውን ገፍተውት ነው። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አያ ሞላ ግን "ደግ አደረግሽ። የጠረጠርሽ ጊዜ ዝጊ፤ ይሳቁብሽ" ብሎኝ ሄደ። ሳቁ ደግሞ ዓመት ቆየብኝ።

ወላድ ሲጭን የራሱ ዘዴ ነበረው። የኛ አገር መንገድ እንኳን ምጥ የያዛትን ድንጋይም ያማል። ለአስታማሚዋ "ምጡ ሲመጣ የመኪናውን ግድግዳ አንድ ጊዜ ምቺ፣ እቆማለሁ። ሲለቃት ደግመሽ ምቺ፣ እሄዳለሁ" ይላል። እንዲህ እየቆመ እየሄደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያደርሳታል። ሌላው ሾፌር በቶሎ ይደርሳል፤ በአያ ሞላ የሄደች ግን ስትመለስ ትመርቀዋለች።

እንግዲህ ወደ ሕጉ። አምቡላንሱ ወላድ አድርሶ ባዶውን ስለሚመለስ፣ ሆስፒታል የሞተ ሰው ካለ ሬሳውን ጭኖ ይመጣ ነበር። ምን ክፋት አለው? የኛ ሰው በአባቱ ደብር፣ ከአባቱ አጥንት አጠገብ ካልተቀበረ የሞተ አይመስለውም። በሰው አገር መቅረት ከሞትም የባሰ ሞት ነው። ታዲያ አንዲት ወላድ ሲያሳፍሯት ወለሉ ላይ የከፈን ክር አየች። "በሬሳ አልጋ አልወልድም!" ብላ ከነምጧ ዘላ ወረደች። ቤቷ ተመለሰች፤ ልጁ አልተረፈም። ወሬው ገበያ ለገበያ ዞረ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ አምቡላንሱ ሲመጣ ጓሮ መደበቅ ጀመሩ።

ያን ጊዜ ነው ስንታየሁ የሚባል ወጣት ኃላፊ የመጣው። ጥሩ ልጅ ነው፣ አይሰርቅም። "የተሽከርካሪ ስምሪት መመሪያ ይኑረን፤ መኪና በጩኸት ሳይሆን በሕግ ይውጣ" አለ። ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሾፌር፣ ነርስ፣ ሂሳብ ያዥ፣ የአገር ሽማግሌ። "ሴት ትግባ" ሲባል በቅርብ የተገኘሁት ሴት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ነበርኩ!

"ተሽከርካሪ ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለለቅሶ አይሰጥም" ብሎ አነበበ።

"የገብሱስ ነገር?" አልኩ።

"እማማ ጠጄ፣ ቁም ነገር ላይ ነን።"

"እኔም ቁም ነገሬን ነው፤ ገብሱ ከሠርጉ ይበልጥ ነበር።"

ሳቁና ገብሱም ተጻፈ። ቀጥሎ የአምቡላንሱ ነገር ተነሣ። የክሯን ነገር ነገርኳቸው፣ ሴቶቹ ጓሮ እንደሚደበቁም ነገርኳቸው። አያ ሞላም "እውነቷን ነው፤ ባዶዬን ሄጄ ባዶዬን የምመለስበት ቀን በዝቷል" አለ። "አምቡላንስ ሬሳ አይጭንም" ተብሎ ተጻፈ፤ "የጠጄ አንቀጽ" አሏት። ሽማግሌው ብቻ ምርኩዛቸውን ይዘው "ልጄ፣ ታዲያ ሬሳው በምን ይመጣል?" አሉ።

ስንታየሁ "ይታሰብበታል" አለ። ይታሰብበታል ማለት እኛ ዘንድ ቀብር ማለት ነው፤ ነገሩ እዚያው ተቀበረ።

አንቀጿን በአምቡላንሱ የኋላ በር ላይ በቀይ ቀለም አስጻፋት። ሠራች ደግሞ! ወላዶቹ መውጣት ጀመሩ። አርብ ገበያ ስወርድ የማላውቃቸው ሴቶች እየሳሙኝ ሽንኩርት ይመርቁልኝ ነበር። እኔማ አንገቴን አቅንቼ የምሄድ ባላባት ሆንኩ።

ሰው ግን ሞኝ አይደለም። ከሞተ አይጫንም፤ ካልሞተ ይጫናል። እንግዲያስ ሳይሞት እናምጣው! ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ ፊቱ የጠቆረ እንደሆነ፣ ዘመድ ፈርሞ ያስወጣውና አምቡላንሱ ሲመለስ ያሳፍረዋል። ሽማግሌ ነው፣ ቤቱ ደርሶ፣ ከንስሐ አባቱ ተገናኝቶ ያርፋል። ሰዉም "ተመስገን፣ ለአፈሩ በቃ" ይላል። ክፉ ነው ያለ ማንም አልነበረም። አያ ሞላ ብቻ አንድ ቀን ጎማ እየዳሰሰ "ጠጄ፣ አሁን አሁን የማመጣቸው ሰዎች ከምወስዳቸው የባሰባቸው ናቸው" አለኝ። ሰማሁት። ሽማግሌዎች ናቸው ብዬ አሳለፍኩት።

ብርቄ ጎረቤቴ ናት። ቤታችን ከመኪናው ግቢ ጀርባ ነው፤ አጥራችን አንድ፣ ፀባችንም አንድ። በዶሮ እንጣላለን፣ ማታ እንታረቃለን። ሴት ልጅ ያለቻት አንዲት ናት፣ ማሬ። ሳቂታ፣ እኔን የምትመስል! ብርቄ "ይቺ ልጅ ካንቺ ነው የተወለደችው፣ አፏ አያርፍም" ትለኝ ነበር። ማሬን ምጥ ያዛት፤ አያ ሞላ ወሰዳት፤ ግድግዳው ሲመታ እየቆመ አደረሳት። ሴት ልጅ ወለደች። ከወለደች በኋላ ግን ደሟ አልቆም አለ። መርፌ ወጓት፣ ደም ሰጧት፤ ቆመ። ትኩሳት ተነሣባት። ሐኪሙ "ትድናለች፤ ግን ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ" አለ።

ብርቄ እዚያ ሆና ያየችው ሐኪሙን አይደለም፣ ቱቦውን ነው። በአፍንጫዋ የአየር ቱቦ ገብቷል። በኛ ሰው ዘንድ አፍንጫ ውስጥ ቱቦ ከገባማ አበቃ፤ ቱቦ ገብቶለት ተነሥቶ የሄደ ሰው አላየንም፤ የተነሡትን የሚያወራልን የለማ! የማሬ አጎት ደሴም "ልጅቷ ልትሄድብን ነው፤ ሳትሞት እናውጣት" አለ። የዚያን ቀን ደግሞ አያ ሞላ ሌላ ወላድ አድርሶ ከሆስፒታሉ ግቢ ቆሟል። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ እሱ ነው።

"አያ ሞላ፣ ባዶህን ነህ?" አለው ደሴ።

"ባዶዬን ነኝ። ምነው?"

"ማሬን እንወስዳታለን። ፈርመን ወጥተናል።"

"ሐኪሙስ?"

"ሐኪሙማ ተቆጣ። እሱ ምን ቸገረው፣ አይቀብራት!"

አያ ሞላ ወደ ብርቄ ዞረ። "ብርቄ፣ ትቆይ። እኔ ነገም እመጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም እመጣለሁ።"

ብርቄ ሕፃኗን እንደታቀፈች ቀና ብላ አየችው። "ነገ ብትሞት ሬሳዋን ትጭንልኛለህ?"

ምን ይበል? በሩ ላይ በቀይ ተጽፏል።

ማሬን በቃሬዛ አመጧት። ቱቦው ወጥቷል። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፣ ዓይኗ ግን ያያል። "አያ ሞላ፣ ዛሬም ግድግዳውን ልምታልህ?" አለችው።

"ምቺ እንጂ። ባሻሽ ቦታ እቆማለሁ።"

ነዳ። ቀስ ብሎ ነው የነዳው፣ አውቀዋለሁ፤ እንቁላል የጫነ ያህል። ደጋውን ወጥተው ነፋሱ ከሚያንገላታበት ሜዳ ሲደርሱ ግድግዳው አንድ ጊዜ ተመታ። ቆመ። ማርሹን አውጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣ ሁለተኛውን ምት ጠበቀ። ሞተሩ ይንተከተካል። በግ የሚነዱ ሰዎች አለፉ። እንደገና ጠበቀ። ሁለተኛው አልመጣም።

ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። ማሬ ተኝታለች። ብርቄ ሕፃኗን በአንድ እጇ፣ የማሬን እጅ በሌላው ይዛለች። አያ ሞላ ሳይናገር ደሴ ቀድሞ "አልሞተችም! ተኝታ ነው። ደክሟት ነው። ዝጋና ንዳ!" አለ።

አያ ሞላ ያውቃል። ብርቄም ታውቃለች። እናት ናት፣ ልጇ እጇ ላይ ናት የሞተች፤ ግን ድምፅ ካወጣች፣ እዬዬ ካለች፣ ሬሳ ነውና ሜዳ ላይ ያወርዱብኛል ብላ ለቅሶዋን ዋጠችው። ጎንበስ ብላ "ማሬዬ፣ ልንደርስ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረን" ትላታለች። ሕፃኗ ታለቅሳለች። በዚያ መኪና ውስጥ ያለቀሰች እሷ ብቻ ናት።

"ምን አደረግህ?" አልኩት አያ ሞላን።

"ዘጋሁትና ነዳሁ" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ነው የደረሱ። አያ ሞላ ሁልጊዜ ከሩቅ ጥሩንባ ይነፋልኛል፤ ያን ቀን አልነፋም። በሩን ከፈትኩ። ከመሪው ላይ አልወረደም፣ ፊቱን ወደ ወዲያ አዞረ። ወደ ኋላ ሄጄ በሩን ስከፍት ብርቄ ቀና አለች። "ተኝታለች" አለችኝ። እንደ ጤነኛ ሰው ነው የተናገረችው። ከጋቢው ሥር የማሬ እግር ወጥቷል። ነካሁት፤ በእጄ ጀርባ ነው የነካሁት፣ አያ ሞላ እንዳስተማረኝ።

"ብርቄ" አልኳት፣ "ደርሰሻል። አሁን አልቅሺ። የሚያወርድብሽ የለም።"

ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ከቆርቆሮው አጥር አልወጣም። ከተማው በሙሉ ሰምቶ መጣ። ማሬን በአባቷ ደብር ቀበርናት። ብርቄ የፈለገችውን አገኘች እንግዲህ።

አያ ሞላ ማንም ሳይጠይቀው ስንታየሁ ቢሮ ገብቶ "ሬሳ ጭኛለሁ፤ አንቀጿን አፍርሻለሁ" አለው። ደሞዙ ተቀጣ። መቀጣቱን አልጠላም፤ ቅጣቱን ሲነግሩት ራሱን ነቀነቀና መኪናዋን ሊያጥብ ሄደ። ወለሉን በአመድ ፈገፈገ፣ በውኃ ደገመ፣ እንደገና ፈገፈገ። "አያ ሞላ፣ ጠርቷል እኮ" ብለው አልሰማኝም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ስንታየሁ ዓይኑ ቀልቷል። "መመሪያው ስሕተት የለበትም" አለ። "ወላዶች እየመጡ ነው። ሐኪም አትውሰዱ ሲል የወሰደው ቤተሰብ ነው።"

"ልክ ነህ ልጄ" አልኩት። "ቤተሰቡ ለምን ወሰዳት?"

"ባለማወቅ ነዋ።"

"ኧረ አውቀው ነው! አንቀጿን ከኔም ካንተም አጥርተው ነው ያወቋት። የሞተ አይጫንም አልናቸው፤ በሕይወቷ አመጧት። ክሯን ያየችው ሴት መኪናውን ፈራች፤ ይቺኛዋን መኪናው ራሱ አጣደፋት። አምቡላንሱ ሬሳ አይጫን፣ ይሁን። ግን ሆስፒታል ለሞተ ሰው ፒካፑ ይሂድለት። በነፃ ይሂድለት። ሬሳው እንደሚመጣ ያወቀ ሰው በሽተኛውን ለሐኪሙ ይተወዋል።"

"እማማ ጠጄ፣ ለሬሳ የሚሆን የነዳጅ በጀት ከየት ይመጣል?"

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። "ያኔ በምን ይመጣል ብዬ ጠይቄ ነበር። ይታሰብበታል አላችሁኝ። እስከ ዛሬ ስታስቡ ነበር?"

ነርሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በመጨረሻ ጻፉት፤ ፒካፑ ሬሳ ያምጣ ተባለ። ወደ ላይ ተላከ፣ ከላይ "ነዳጁ ከየትኛው መደብ?" ተብሎ ተመለሰ፣ እንደገና ተላከ። ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ፣ ጸደቀ። በጸደቀ ጊዜ ፒካፑ ጎማው አልቆ በድንጋይ ቆሟል፤ ዶሮዎቼ ከጭነት መኪናው ወደዚያ ተዛውረዋል። ቤተሰብ አሁንም በሽተኛውን በሕይወቱ ያመጣል። አንዳንዱ ሊድን የነበረ ይሁን አይሁን እኛ አናውቅም፤ ማንም አልጠየቀም። አያ ሞላ መንዳት ተወ። "ግድግዳ የተመታ ይመስለኛል፤ ማንም ሳይኖር እየቆምኩ ነው" አለኝ። ዛሬ ገበያ ሲሄድ አህያውን ነድቶ ነው፣ በእግሩ። መኪና ሲያልፈው አቧራውን አይቶ ዞር ይላል።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ካፖርቱን አስረክቤ ብርቄ ቤት ገባሁ። የማሬን ልጅ አጥሚት ታጠጣለች። ልጅቷ እጇ ሁሉ አጥሚት ሆኖ ትስቃለች። እኔም ያው እንደ ልማዴ ልቀልድ ብዬ፣ "ብርቄ፣ አይዞሽ፤ አሁንማ ሬሳም በነፃ የሚመጣበት አንቀጽ አውጥተንልሻል፣ ጎማ ሲገኝ" አልኳት።

ማንኪያውን ከልጅቷ አፍ ሳታወጣ፣ ዞራም ሳታየኝ፣ "እኔን ስሞት የትም ቅበሩኝ። ሳልሞት ግን እንዳታመጡኝ" አለች።